የእኩልነትና የአድልዎ ሕግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማጥናት፦ "አንቀጽ 25 ይከለክላል" ብሎ ለሚያቆም ተማሪ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ማርቆስም ባሕር ዳርም የሕግ ተማሪዎችን ሳስጠና አንድ ዓይነት ወረቀት ደጋግሜ አያለሁ። ተማሪው የፈተናውን ታሪክ ያነባል። ይናደዳል። "ይህ ግልጽ አድልዎ ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ይከለክላል" ብሎ በአራት መስመር ይጽፍና ያስረክባል። ከ20 ስድስት ወይም ሰባት ይዞ ይመለሳል። ንዴቱ ልክ ነው፣ አንቀጹም ልክ ነው። የጎደለው ከንዴቱ እስከ መደምደሚያው ያለው መንገድ ነው፤ ማርኩም ያለው እዚያው መንገድ ላይ ነው።

እኔም ሁለተኛ ዓመት እያለሁ እንዲሁ ጽፌ ወድቄአለሁ። ለምን እንደወደቅሁ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ይህ መመሪያ ለሕገ መንግሥት፣ ለሰብዓዊ መብትና ለሥራ ሕግ ኮርሶች፣ ለመውጫ ፈተናና ለመመረቂያ ጥናት ይሆናል። በተራ ሥሩት። ደረጃ አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ወፍራም ደብተር፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶና ቦታ ያለው ስልክ ወይም ፍላሽ ያዙ። ኔትወርክ ባለበት ቀን የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ አውርዱ። እኛ ጋ ኔትወርክ ለቀናት ሊጠፋ እንደሚችል ታውቃላችሁና "ፈተና ሲደርስ አወርዳለሁ" አትበሉ። ዋና ዋና አንቀጾቹን ደግሞ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙ፤ መብራት ቢጠፋ በሻማም ይነበባሉ።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ሕግ በእጃችሁ አስገቡ

የሚከተሉትን ሰብስቡ።

- የ1987ቱ ሕገ መንግሥት። አንቀጽ 9፣ 13፣ 25፣ 35፣ 36፣ 41 እና 42 ላይ ምልክት አድርጉ።
- የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ ቁጥር 59/1994።
- የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። አንቀጽ 14፣ 26፣ 87 እና 88።
- የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000። አጭር ስለሆነ ሙሉውን አንብቡ።
- የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995፣ እና የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009።
- ኢትዮጵያ የተቀበለቻቸው ስምምነቶች፦ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን (በተለይ አንቀጽ 2 እና 26)፣ የሴቶች አድልዎ ማስወገጃ ስምምነት፣ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111።

ስምምነቶቹን "የውጭ ነገር" ብላችሁ እንዳትተዉ። አንቀጽ 9 ንዑስ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። አንቀጽ 13 ንዑስ 2 ደግሞ የመብት ምዕራፉ ከእነሱ ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል።

ጥንቃቄ፣ ዓመተ ምሕረቱ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። በአማርኛ 1156/2011 የሚባለው አዋጅ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው። 568/2000 የሚለው ደግሞ እዚያ 568/2008 ይሆናል። ሁለት የተለያዩ ሕጎች መስሏቸው ሁለቱንም የሚጠቅሱ አይቻለሁ። ቁጥሩን እዩ፣ ከዚያ በአንድ አቆጣጠር እስከ መጨረሻው ጻፉ።

ጥንቃቄ፣ የተሻረ ሕግ። ከሲኒየር የወረሳችሁት ሶፍት ኮፒ አሮጌ ሊሆን ይችላል። የድሮው የሥራ ሕግ፣ 377/1996፣ ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። በእሱ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። በ1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። 60 ብሎ የጻፈ ተማሪ ሕጉን እንዳልከፈተ መምህሩ ወዲያው ያውቃል።

የክልል ሕግ ካጣችሁ፦ የክልሉ ሕጎች የሚታተሙት "ዝክረ ሕግ" ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከሌለ የሕግ ትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። እዚያም ከሌለ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ዞኑ ፍትሕ መምሪያ ሄዳችሁ ዐቃቤ ሕግ አነጋግሩ። መታወቂያ ይዛችሁ በትሕትና ብትጠይቁ ብዙዎቹ ፎቶ እንድታነሱ ይፈቅዳሉ።

ደረጃ 2፦ "ልዩነት" የሚለውን ቃል ፈትሹ

የአንቀጽ 25ን አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን አስቀምጡ። እንግሊዝኛው "ዲስክሪሚኔሽን" በሚልበት ቦታ አማርኛው "ልዩነት" ይላል። "ልዩነት" ደግሞ በእኛ ቋንቋ ሰፊ ቃል ነው። በሁለት ማሳዎች መካከልም ልዩነት አለ፤ ለሰው ፊት አይቶ ማድላትም ልዩነት ነው። እንግሊዝኛው የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው።

ለምን ይህን ያህል አነሳዋለሁ? በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "አማርኛው ማንኛውም ዓይነት ልዩነት ይከለክላል" ብሎ ቢከራከር ዝም ብላችሁ ልታልፉት አትችሉም። መልሳችሁ ይህን ይመስላል፦ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ልዩነት ያደርጋል። አንቀጽ 35 ንዑስ 3 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል። አንቀጽ 41 ንዑስ 5 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን እንዲረዳ ያዛል። ስለዚህ የአንቀጽ 25 "ልዩነት" በቂ ምክንያት የሌለውን መለየት ነው እንጂ መለየትን ሁሉ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴም በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው 18ኛ ጠቅላላ አስተያየቱ ይህንኑ ብሏል፤ መስፈርቱ ምክንያታዊና ተጨባጭ ከሆነና ዓላማው በቃል ኪዳኑ ተቀባይነት ካለው፣ የተለየ አያያዝ ሁሉ አድልዎ አይሆንም።

አሁን አንድ የደብተር ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ የአማርኛውን ሕግ ቃል፣ በቀኝ መምህሩ በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን ጻፉ። አድልዎ፣ ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ፣ የድጋፍ እርምጃ፣ የማስረዳት ሸክም፣ ማኅበራዊ አመጣጥ። 15 ያህል ቃላት ይበቃሉ። ክፍል ውስጥ የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ተመርቀን የምንከራከረው ግን በአማርኛ ነው። ይህች ገጽ ለሁለቱም ታገለግላለች።

ደረጃ 3፦ አምስቱን ጥያቄዎች በተራ ጠይቁ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ማንኛውም ታሪክ ሲሰጣችሁ እነዚህን ጠይቁ፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

1. ማን፣ ምን አደረገ? ያ አካል በየትኛው ሕግ ይገዛል?
2. ተበዳዩ የሚነጻጸረው ከማን ጋር ነው?
3. የተለየው በምን መነሻ ነው? ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ትውልድ፣ አካል ጉዳት ወይስ ሌላ?
4. ምን ጎዳው? ምንስ አጣ?
5. አድራጊው በቂ ምክንያት አለው?

በምሳሌ ላሳያችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። የሕግ ባለሙያ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ወረቀቱ አንድ ጥጉ ተገንጥሎ በነፋስ ይርገበገባል። አብሮኝ የነበረው ጓደኛየ ዓይነ ስውር ነው፤ ሕግ የተማረው አብሮኝ ነው፣ ውጤቱም ከእኔ ይሻላል። "እስኪ አንብቢልኝ" አለኝ። አነበብሁለት። መጨረሻው መስመር ላይ "የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ያለው" ይላል። ዝም አለ። ቀጥሎ "ሥራው ሞተር መንዳት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አምስተኛው ጥያቄ ማለት ይህ ነው።

በተራ እንሂድበት።

አንድ። ቀጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው ወይስ የግል ድርጅት? ይህን ሳትለዩ 1156/2011ን አትጥቀሱ፤ የመንግሥት ሠራተኞች በእሱ አይተዳደሩም፣ የራሳቸው ሕግ አላቸው። 568/2000 ግን ሁለቱንም ቀጣሪዎች ይነካል፣ ቅጥርንም ይሸፍናል። ጉዳዩ ቤት አከራይን ወይም ሌላ ግለሰብን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 9 ንዑስ 2ን አንሱ፤ ዜጎችም ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ ናቸው ይላል። እዚያ ላይ ክርክር አለ፣ ክርክሩን ጻፉት።

ሁለት። ተነጻጻሪው ዲግሪና ልምዱ እኩል የሆነ፣ ማየት የሚችል አመልካች ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች "ከሌሎች ሰዎች ጋር" ብለው ያልፋሉ። ምን ዓይነት ሌሎች? የሚመሳሰሉበትን ነገር በስም ጻፉ። እርግዝና ከሆነ ግን የግድ ወንድ ተነጻጻሪ አትፈልጉ። የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. በደከር ጉዳይ፣ በእርግዝና ምክንያት አለመቅጠር በራሱ ቀጥተኛ የጾታ አድልዎ ነው፣ ወንድ ተወዳዳሪ ባይኖርም ለውጥ የለውም ብሏል።

ሦስት። ማስታወቂያው "ዓይነ ስውር አይቀጠርም" አላለም። መንጃ ፈቃድ ነው ያለው። መስፈርቱ ላይ ላዩን ለሁሉም አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን አንድ ወገን ላይ ብቻ ይወድቃል። ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ የሚባለው ይህ ነው። "ሆን ብለው አላደረጉትም" የሚል መከራከሪያ ቢመጣ አትደንግጡ። የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት 111 አድልዎን ሲተረጉም የሚያየው ውጤቱን ጭምር ነው፤ ክፉ ሐሳብ መኖሩን ማስረዳት የግድ አይደለም።

አራት። ያጣውን በትክክል ጻፉ። "ሞራሉ ተነካ" ብቻ አትበሉ። የመወዳደር ዕድሉን አጣ፤ ማመልከቻው ሳይታይ ወደቀ።

አምስት። እዚህ ላይ ቀጣሪውን ሆናችሁ አስቡ። ዓላማው ምንድን ነው? ባለሙያው ወረዳ ለወረዳ ይሄድ ይሆናል። ይህ ተቀባይነት ያለው ዓላማ ነው። መስፈርቱ ለዓላማው ይጠቅማል? አዎ፣ በከፊል። ሌላ ቀለል ያለ መንገድ አለ? አለ፤ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ከሾፌር ጋር መሄድ፣ ባጃጅ ወይም የሕዝብ ትራንስፖርት መጠቀም፣ የመስክ ሥራውን ከሥራ ባልደረባ ጋር መከፋፈል። 568/2000 ቀጣሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሥራውን የሚያመች ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። በመጨረሻ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኑ። የሥራው ባሕርይ ራሱ መንዳት ቢሆን ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር፤ ይህንንም ጻፉት። የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ያልጻፈ መልስ ሙሉ ማርክ አያገኝም።

ጥያቄ ላይ ከተጣበቃችሁ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣብቀው ተነጻጻሪው ነው። ተዉትና ወደ አራት ሂዱ፣ "ይህን ያጣው ሰው ያላጣው ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ተነጻጻሪውን ይሰጣችኋል።

ደረጃ 4፦ ማስረጃውን አስቡ

አድልዎ የሚያደርግ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ስለዚህ "ማን ምን ያስረዳል?" የሚለው ጥያቄ ጉዳዩን ያሸንፋል ወይም ይጥላል። 568/2000ን አውጥታችሁ ስለ ማስረዳት ሸክም የሚለውን ከተለመደው የፍትሐ ብሔር ክርክር ጋር አነጻጽሩ። በተለመደው ክርክር "እንዲህ ተደርጎብኛል" የሚለው ሰው ያስረዳል፤ በዚህ አዋጅ ሸክሙ ወደ ቀጣሪው ይዞራል። ለምን ይህ ለአካል ጉዳተኞች ኖሮ ለሌሎች መነሻዎች በግልጽ እንዳልተጻፈ መጠየቅ ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ርእስ ነው።

ደረጃ 5፦ የውጭ ፍርዶችን በልክ ተጠቀሙ

ሦስት በደንብ የምታውቋቸው ፍርዶች፣ በስም ብቻ ከምታውቋቸው ሠላሳ ይበልጣሉ። እኔ የምመክራችሁ እነዚህን ነው።

ግሪግስ ከዱክ ፓወር፣ አሜሪካ፣ 1971 እ.ኤ.አ.። ኩባንያው ለተሻሉ የሥራ ቦታዎች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና ፈተና ጠየቀ። መስፈርቱ ከሥራው ጋር አይገናኝም፣ ጥቁር ሠራተኞችን ግን ያስቀራል። ፍርድ ቤቱ ውጤቱን አይቶ ከለከለ። የመንጃ ፈቃዱን ታሪክ አስታውሱ፤ አንድ ናቸው።

ዲ.ኤች. እና ሌሎች ከቼክ ሪፐብሊክ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ 2007 እ.ኤ.አ.። ሮማ የሚባለው በአውሮፓ የሚኖር አናሳ ሕዝብ ልጆች፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ወደተዘጋጀ ልዩ ትምህርት ቤት በብዛት ይላኩ ነበር። ቁጥር እንዴት ማስረጃ እንደሚሆን የምትማሩት ከዚህ ነው።

ትሊሜኖስ ከግሪክ፣ ያው ፍርድ ቤት፣ 2000 እ.ኤ.አ.። በእምነቱ ምክንያት የወታደር ልብስ አልለብስም ብሎ የተቀጣ ሰው፣ ያ ቅጣት እንደ ማንኛውም ወንጀል ተቆጥሮበት የሒሳብ ባለሙያነት ሹመት ተከለከለ። የተለያየን ሰው በአንድ ቁና መስፈርም አድልዎ ሊሆን ይችላል።

ጥንቃቄ፦ እነዚህ እኛን አያስገድዱም። "ስለዚህ በኢትዮጵያም ሕጉ ይህ ነው" ብላችሁ አትጻፉ። "የአንቀጽ 25ን ትርጉም ለማሳየት ይረዳል" በሉ። መጀመሪያ የእኛን ሕግ፣ ቀጥሎ ስምምነቱን፣ በመጨረሻ የውጭውን ፍርድ አስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ጉዳዩ የት እንደሚሄድ እወቁ

አጭር ነው፣ ግን ፈተና ላይ ይጠየቃል። ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የምትሉ ከሆነ መንገዱ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ ከዚያም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አንቀጽ 62፣ 83 እና 84። ሕጉ ደህና ሆኖ አፈጻጸሙ ከሆነ የተበላሸው፣ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አዋጅ 1234/2013 አንቀጽ 10። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብም ይቻላል።

ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ጠይቁ፦ "ከሥራ የወጡት መቼ ነው?" ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚከስበት ጊዜ በ1156/2011 አንቀጽ 163 ሦስት ወር ብቻ ነው። ታሪኩን ለአንድ ሰዓት አዳምጣችሁ ቀኑን መጨረሻ ላይ ብትጠይቁ፣ ሁለት ቀን የቀረው ሰው ፊታችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ፈተና ላይ

ታሪኩን ሁለት ጊዜ አንብቡ። በሁለተኛው ላይ አምስቱን ጥያቄዎች በጠርዙ በቁጥር ምልክት አድርጉ። አንድ ሰዓት ካላችሁ 10 ደቂቃ ለዚህ ስጡ፣ 20 ደቂቃ ለአምስተኛው ጥያቄ ብቻ ጠብቁ። ጭብጡን በጥያቄ መልክ ጻፉ። አንቀጹን ከጠቀሳችሁ በኋላ ወዲያው ከታሪኩ አንድ ፍሬ ነገር አያይዙ። ፍሬ ነገር የሌለው አንቀጽ ባዶ ነው።

ሰዓት ካለቀባችሁ፦ የቀሩትን ጥያቄዎች በአንድ አንድ መስመር ጨርሱ። ሦስተኛው ላይ ቆሞ የቀረ ረጅም መልስ፣ እስከ አምስት ከደረሰ አጭር መልስ ያነሰ ማርክ ያገኛል።

ደረጃ 8፦ የመመረቂያ ጥናታችሁን ጎጃም ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ

ርእስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። በሸማኔዎች፣ በቀጥቃጮች፣ በፋቂዎችና በሸክላ ሠሪዎች ላይ ያለው ንቀት፣ በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ወይጦዎች ሁኔታ፣ የመሬት ደብተር ላይ ስሟ አብሮ ተጽፎ በፍቺ ጊዜ ድርሻዋን የማታገኝ ሴት። ሁሉም አንቀጽ 25 ውስጥ "ማኅበራዊ አመጣጥ"፣ "ትውልድ" እና "ጾታ" በሚሉት ሥር ይወድቃሉ።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አውጡ። ቀጥሎ ቀበሌውን አሳውቁ። ከዚያ የአካባቢውን ሰው የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ደብተርና መቅጃ ሳታወጡ ተቀመጡ። ሰዎቹ ራሳቸውን በምን ስም እንደሚጠሩ ጠይቁና በእሱ ብቻ ጥሯቸው፤ እኛ ልጅ ሆነን የሰማናቸው መጠሪያዎች ብዙዎቹ ስድብ ናቸው። ፈቃድ ሳትጠይቁ አትቅረጹ። ስማቸውን፣ የሚኖሩበትን ጎጥም ጭምር፣ ከጥናቱ አውጡ፤ ትንሽ መንደር ውስጥ "አንዲት ሸክላ ሠሪ" ማለት ብቻውን ማን እንደሆነች ይናገራል።

ገበያ ላይ ያነጋገርኋቸው አንዲት እናት እጃቸው ላይ የደረቀ ጭቃ እንዳለ "ገንቦየን ይገዙኛል፣ እንጀራየን አይበሉልኝም" አሉኝ። ብዙ ሰዓት ሳስበው ቆየሁ። ጥናት ስትጽፉ ይህን ዓረፍተ ነገር ጠቅሳችሁ "ይህ የአንቀጽ 25 ጥሰት ነው" ብላችሁ እንዳትዘጉ። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። እንጀራውን የማይበላው ጎረቤት በየትኛው ሕግ ይገዛል? ምናልባት በምንም። ግን የልጃቸው አስተማሪ ልጁን ለብቻው ቢያስቀምጠው፣ የቀበሌው ሠራተኛ ተራቸውን ቢያሳልፍባቸው፣ ማኅበር ሲደራጅ ስማቸው ቢዘለል፣ እዚያ ላይ ሕጉ ይናገራል። ስለዚህ ከስሜቱ ቀጥላችሁ "የት መሥሪያ ቤት ሄደው ያውቃሉ? ምን አሏቸው? መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ዝም ካሏችሁ አታስጨንቁ። ምስጋና አቅርባችሁ ሂዱ፣ በሌላ የገበያ ቀን ተመለሱ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ የእሳቸውን ቃል የያዘውን ክፍል በአማርኛ አንብቡላቸው። "እንዲህ አላልሁም" ካሉ እዚያው አስተካክሉ፤ "ይህን አውጪልኝ" ካሉ አውጡት፣ ምንም ያህል ጥሩ ዓረፍተ ነገር ቢሆን።